የእትዬ ብርሃኔ ካርቱን

በቀደም ልጄን ሾርላይን ያለ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወስጄ ስንጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቲቪ የጥንት ካርቱን ያሳይ ነበር። አንዱ ከገደል ሲወድቅ ያ ረጅም ፉጨት ተሰማ። እኔ መጀመሪያ ያን ፉጨት የሰማሁት ከእትዬ ብርሃኔ አፍ ነው።

እትዬ ብርሃኔ ሲታክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ እኛ አፓርታማ ከእኛ ሥር ያለው ቤት ይኖሩ ነበር። እናቶቻችን ኤርፖርትና ሆቴል ሲውሉ ቤቢሲት የሚያደርጉን እሳቸው ናቸው። ቤታቸው የተቆላ ሽምብራ ይሸት ነበር። ከጋራዥ ሴል፣ ሰው ደጁ ላይ ከሚቸረችረው አሮጌ ዕቃ መሃል፣ የለቀሟቸው የቪዲዮ ካሴቶች ነበሯቸው፤ ድሮ ሲኒማ ቤት ይታዩ የነበሩ፣ ቀለማቸው የደበዘዘ ካርቱኖች። እንግሊዝኛው ስለማይገባቸው ድምፁን አጥፍተው ራሳቸው ያወሩልናል። ድመቱ ደላላ ነው፣ ውሻው ዘበኛ። "ኧረ አንተ ቀላዋጭ!" ይሉታል። ድመቱ ሲወድቅ ያፏጫሉ፤ መሬት ላይ ሲነጠፍ "ተነስ በሉት!" ይሉናል። ጮኸን እናስነሳዋለን። ወይ ደስታ!

አንድ ሐሙስ ብቸኛ ልጃቸው ዮናስ ሶዶ የሚሉት የከተማችን ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ከመደርደሪያ ጫፍ ወድቆ ሞተ። ሽማግሌዎች መከሩና፣ እህታቸው ከዴንቨር ስትደርስ ቅዳሜ ማለዳ መርዶው ይነገራቸው አሉ። እስከዚያ የዮናስ ስልክ ተበላሽቷል ተባሉ። ዓርብ እናቴ እንዳይጠረጥሩ ብላ እኔንና እህቴን እንደ ወትሮው ልታደርሰን ወረደች። ሌሊቱን ዮናስ ወድቆ መሞቱን እያወራች ስታለቅስ ሰምተናታል። በራቸው ጋ ስንደርስ፣ "ሶ፣ ምንም አልሰማችሁም። ኦኬ?" አለችን። መርዶን በልጆች ፊት ላይ ደብቆ መላክ ምን የሚሉት ብልሃት ነው? እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እትዬ ብርሃኔ ካሴቱን አስገቡ። ድመቱ ከጣሪያ ወደቀ። አፏጩ።

"ተነስ በሉት እንጂ!"

አልጮኽንም። እህቴ አንገቷን ደፋች። ድመቱ ተነስቶ ሮጠ፤ እሳቸው ግን ቲቪውን ትተው እኛን ያዩ ጀመር።

"ዮኒዬ ነው?" አሉ ቀስ ብለው።

ተነሱና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ምሳችንን ግን አልረሱም።

ቅዳሜ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ በሩን ከፍተው ቆመው አገኟቸው። "ምነው ዘገያችሁ?" አሏቸው።

ከአርባው በኋላ፣ ሌላ የሚይዘን ሰው ስላልነበረ፣ ወደ እሳቸው ተመለስን። ካሴቱን አስገቡልን። ድምፁን ለቀቁትና ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ስለ ድመቱ አንድም ቀን አላወሩልንም። በዓመቱ እናቶቻችን፣ "ልጆቹ እንግሊዝኛውን እኮ አቀላጠፉት! እግዜር ይስጥልን፣ እትዬ" እያሉ አመሰገኗቸው።