ለዘሐራ ሰርግ የታደሰችው ፔጆ

ልጅ እያለሁ ንዴት ምን እንደሆነ ያወቅሁት በአንዲት አሮጌ ነጭ ፔጆ ምክንያት ነው። መኪናዋ የአባቴ የአሊ ነበረች፤ ከሐይቅ ደሴ ሰው እያመላለሰ ያሳደገን በእሷ ነው። በበሮቿ ጎን የተለጠፈው፣ መሃሉ ጥቁር ጎማ የሆነው የኒኬል ጌጥ በፀሐይ ብዛት ተሰነጣጥቆ፣ ጫፉ ተነቅሎ ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር። የስንቱን ተሳፋሪ ልብስ እየያዘ ቀድዷል። እናቴ ስትጨቀጭቀው አባቴ «ኢንሻአላህ» ይልና ያልፈዋል።

ታላቅ እህቴ ዘሐራ ለውጫሌ ሰዎች ስትታጭ ግን «ልጄን እንዲህ በሆነች መኪና አልሸኛትም» አለ። ደሴ ሄዶ ከተጣለ መኪና ላይ የተፈታ ደህና ጌጥ ይዞ መጣ። የሰርጉ ዋዜማ ጎረቤታችን አያ ታደሰ፣ የመኪና አካል የሚጠግን የታወቀ ባትላሜራ ነው፣ ግቢያችን መጣና ሥራው ተጀመረ። ቀለሙን እንዳይቧጭረው ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልሎ አሮጌውን ቀስ እያደረገ ፈነቀለው። ሥሩ የዓመታት አፈርና ዝገት ነበር። አባቴ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። ዘሐራ ሂና የተቀባ እጇን ከፍ አድርጋ በር ላይ ቆማ ትስቅብናለች። እኔ አዲሱ ጌጥ የተለጠፈበት ማስቲሽ እስኪይዝ ድረስ በሁለት መዳፌ ተጭኜው ቆምኩ፤ ሽታው ከሐይቁ ከሚመጣው ነፋስ ጋር ተቀላቅሎ ራሴን ሲያዞረኝ ትዝ ይለኛል። ሥራው ሲያልቅ አባቴ ራቅ ብሎ አያት። አያ ታደሰ «አሁን እሷም ሙሽራ መሰለች» አለው። አባቴ እንደዚያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ከሙሽራው ጋር የመጣ አንድ አጎት ፔጆዋን ዞሮ አያት። አዲሱን ጌጥ በጥፍሩ መታ መታ አደረገና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ምን ብትለጣጥፏት ያው አሮጌ ናት፤ ሙሽራዋ በእኛ መኪና ትሂድ» አለ። የአባቴ እጅ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቀረ። ዘሐራም ሄዳ እነሱ መኪና ውስጥ ገባች። አያ ታደሰ ሊናገር ሲል አባቴ ክንዱን ይዞ «ተወው ታደሰ፣ የልጅቱን ቀን አናበላሽባት» አለው። እስከ ውጫሌ ከኋላቸው ነዳን። እናቴ ለሙሽራዋ ያለበሰችው የኋላ ወንበር ባዶውን ሄደ። እኔ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጬ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። በሰውዬው ተናደድኩ፤ ከሰውዬውም ይልቅ በእህቴ። ያ ንዴት አብሮኝ አደገ።

አባቴ ከሞተ ወዲህ መኪናዋ እኔ ጋ ናት። በቀደም ዘሐራ ደወለችልኝ። ሴት ልጇ ልታገባ ነው፤ ያሁን ዘመን ሙሽሮች ደግሞ አሮጌ መኪና ይወዳሉ። «ፔጆዋን ትሰጭናለሽ?» አለችኝ። ደሜ ፈላ።

«ያን ቀን አባባን ትተሽው ስትሄጂ ረሳሽው?» አልኳት።

«አልረሳሁም» አለች። «ገና ልጅ ነበርኩ። በየቱ ትሄጃለሽ ብሎ የጠየቀኝ ማን ነበር? አባባም እኮ አልጠየቀኝም።»

ስንት ዓመት ተናድጄባት፣ ይህን አንድም ቀን አላሰብኩትም። እውነቷን ነው፤ ያኔ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ የተከፈተላት በር ውስጥ ትገባለች እንጂ ማን ያማክራታል? ልጇ ግን አማቾቿን ፊት ለፊት «በአያቴ መኪና ነው የምሄደው» ብላቸዋለች፤ አንድም ሰው አልተከራከራትም። ደስ ብሎኛል። ደስ ባለኝ ቁጥር ግን ያኔ ዘሐራ ይህን ምርጫ መነፈጓ እንደገና ያንገበግበኛል።

መኪናዋን ራሴ ነድቼ እንደማመጣ ነግሬያታለሁ። ያ አጎት አርጅቶም ቢሆን ዛሬም አለ፤ ለሰርጉም ይመጣል። እኔ ካለሁበት ገበታ እንዳታስቀምጡት ብያለሁ።