የወይዘሮ ጠንቀቅ እጆች

በመሬት መሥሪያ ቤቱ ስሟን የሚጠራ የለም። የሥራ ደህንነትና ጤንነት ኃላፊ ናትና «ወይዘሮ ጠንቀቅ» ብለው አወጡላት፤ ተስማማትም። መሰላል ላይ ሰው ከወጣ ከሥር ቆማ ትጨቀጭቃለች፤ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካየች ምሳዋን ትታ ጠጋኝ ፍለጋ ትሮጣለች። «እሷ እኮ ስቴፕለር ለሚይዝም ሄልሜት ታድላለች» እያሉ ይስቁባታል። ይሳቁ እንግዲህ። ሌላው ደሞዝ የሚበላው በመሥራት ነው፣ እሷ በመፍራት።

ከሁሉ አብልጣ የምትፈራው ግን ለታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት አደራ ያለቻት፣ አሳድጋና አስተምራ፣ ደጅ ጠንታ እዚያው መሥሪያ ቤት ያስቀጠረችው ነው። ሥራው የቀያሹን ዘንግ መያዝ ነው። ቀያሹ መሣሪያው ላይ አጎንብሶ ያያል፣ እሱ ደግሞ ሜዳው መሐል ርቆ ዘንጉን ያቆማል። ድምፅ ስለማይደርስ የሚነጋገሩት በምልክት ነው። ሁለት እጅ ወደ ላይ ተነሥቶ ሲወዛወዝ «ወደ ኋላ ሂድ» ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ዓይኑን ከቀያሹ ሳይነቅል የኋሊት ይሄዳል። «ዞር ብለህ እያየህ ሂድ» ብላ ስንቴ ለምናዋለች። «እሺ እትዬ» ይላል፤ እሺታው ግን ከቢሮዋ በር አያልፍም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ ለጉዳይ መጥተው በሯ ላይ ቆሙ። ወንድሟ ያን ቀን ለሥራ የወጣበት መሬት ድሮ የሳቸው ነበር።

«ዛሬ እየለኩት ነው አሉኝ» አሏት። «ብቻውን ከቆመው ዛፍ አጠገብ የውሃ ጉድጓድ አለ። አፉን በጣውላ ከድነን ነበር የተውነው። አሁን ሣር በቅሎበታል፣ ጣውላውም በስብሷል። ሰው ነግሯቸዋል?»

ክው አለች። ለማንም አልተነገረም።

ወንድሟ ጋ ደወለች፣ አይነሣም። ቀያሹ ጋ ደወለች፣ አይነሣም። ትዝ ያላት ከዚያ በኋላ ነው፤ «ስልክ ሐሳብ ይበትናል፣ በሥራ ሰዓት መኪና ውስጥ ይቀመጥ» ብላ ያዘዘችው ራሷ ናት። ሮጣ ግቢው ውስጥ የቆመ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ላይ ወጣችና ሾፌሩን «ፍጠን» አለችው።

«ቀስ በል እያልሽ የምታሰለቺኝ አንቺ አልነበርሽ?» አላት ሾፌሩ መንገድ ላይ።

«ዛሬ አላልኩም። ንዳው።»

ስለ ጉድጓዱ ነገረችው፤ ከዚያ ወዲያ አልቀለደም። እሷ የወንበሩን ጠርዝ ጨምድዳ ይዛ «የእናቴ አምላክ፣ የእናቴ አምላክ» ትላለች።

ሜዳው ዳር ሲደርሱ ብቻውን የቆመውን ዛፍ አየችው። ወንድሟ ዘንጉን ይዞ፣ ጀርባውን ለዛፉ ሰጥቶ ቆሟል፤ ቀያሹ ወዲያ ማዶ መሣሪያው ላይ አጎንብሷል። ከመኪናው ወርዳ በስሙ ተጣራች። ነፋሱ ከፊት ለፊቷ ስለሚነፍስ ድምፅዋን መልሶ አፏ ውስጥ ከተተው። ያኔ «ወዲህ ና» ለማለት ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ አወዛወዘች።

አያት። እህቱ መሆኗን ለየ፤ ኃላፊም ናትና ታዘዘ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ምን ነካው ብላ ይበልጥ አወዛወዘች። ደግሞ ተራመደ፤ ደግሞ።

ያን ጊዜ ገባት። ወደ ጉድጓዱ የምትገፋው ራሷ ናት። እጆቿ አየር ላይ ቀሩ። ማውረዱስ ምን ማለት ነው? እሱን አታውቀውም፤ ለመጠየቅም ሰዓት የለም። ጉልበቷ ከዳትና አፈር ላይ ተዘረፈጠች።

እሱ እህቱ ስትወድቅ ሲያይ ዘንጉን ወርውሮ ወደሷ በረረ። «እትዬ፣ ምን ሆንሽብኝ? ምንሽን ነው ያመመሽ?» እያለ ፊቷን በመዳፉ ያዘ። በአገጯ ዛፉን አሳየችው። ሾፌሩ ወደዚያ ሄዶ፣ ወንድሟ ቆሞበት ከነበረው ቦታ ትንሽ አለፍ አድርጎ ድንጋይ ወረወረ። ጣውላው ተሰበረ። የውሃው ድምፅ እስኪሰማ ቆየ።

ጉድጓዱ ታጠረ። በማግስቱ ወንድሟ በየቢሮው እየዞረ «እህቴ ወድቃ አዳነችኝ» ሲል ዋለ። የሚስቁባት ሁሉ እየመጡ እጇን ጨበጧት። ወንድሟን አጉርሶ ያሳደገው ይኸው እጅ ነበር። ሊገድለው የነበረውም ይኸው ነው፤ ይህን ግን ለማንም አልተነፈሰችም።

አሁን እሱ ዞር ብሎ ሳያይ የኋሊት አይራመድም። ጠዋት ጠዋት ቡድኑ ሲወጣ በመኪናው መስኮት እጁን ያውለበልብላታል። እሷ ሁለቱንም እጇን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከትታ፣ መኪናው ከግቢው እስኪወጣ ድረስ፣ ራሷን ዝቅ በማድረግ ብቻ ትሰናበተዋለች።