ማውስ አልነቀንቅም ያለችው ተሾመች

ተሾመች እንቢ ካለች እንቢ ናት። ይህን የሀና ማርያም ጎረቤቶቿም ያውቃሉ፣ ትርፍ ሰው ሊደርቡባት የሞከሩ የታክሲ ረዳቶችም ያውቃሉ። ከሀይሌ ጋርመንት ገባ ብሎ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ በሥራው ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ፓተርን ሠሪ ናት። ፓተርን ጨርቁ የሚቆረጥበት ልክ ነው፤ እሱ ከተበላሸ የቆራጩም የሰፊውም ድካም ገደል ገባ ማለት ነው። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ወረቀቱን ትተሽ በኮምፒውተር ሥሪ ሲሏት አላጉረመረመችም። ሦስት ወር ተምራ ቻለች።

ጠቡ የመጣው በላይሰንሱ፣ በሶፍትዌሩ የመጠቀሚያ ፈቃድ ነው። ክፍሉ ውስጥ ዘጠኝ ኮምፒውተር አለ፤ ድርጅቱ የገዛው ሶፍትዌር ግን በአንድ ጊዜ የሚያሠራው አራት ሰው ብቻ ነው። አምስተኛው ተራ ይይዛል። ሰው ይዞ እንዳይተኛ ደግሞ ኪቦርዱም ማውሱም ለአሥራ አምስት ደቂቃ ካልተነካ ማሽኑ ላይሰንሱን ነጥቆ ተራ ለያዘው ይሰጣል። ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። ችግሩ፣ ለማሽኑ ሥራ ማለት የጣት መንቀሳቀስ ብቻ ነው። ተሾመች ጨርቁን ለልብስ መለኪያው አሻንጉሊት አልብሳ፣ ስፒል በጥርሷ ይዛ፣ አንዴ ራቅ ብላ እያየች አንዴ ቀረብ ብላ እየጎተተች ግማሽ ሰዓት ካላሰበች ወንበር ላይ አትቀመጥም። ዞር ስትል ላይሰንሷ ሄዷል።

ሌሎቹ መላ አበጁ። «ማውሴን ነቅነቅ አድርጊልኝ» ማለት እንደ ሰላምታ ሆነ። የምሳ ሰዓት ተራ ሳይቀር አወጡ፤ ተረኛው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ለምሳ የወጡትን ሁሉ ማውስ ይነቀንቃል። ሰዉ ሽሮውን እየበላ በማሽኑ ዘንድ ሥራ ላይ ነው! ተራው ተሾመች ዘንድ ሲደርስ፣ «ይሄን እጅ ለማስመሰል አላውለውም» አለችና አረፈች።

በወሩ መጨረሻ የክፍሉ ኃላፊ ልዑልቃል ሪፖርት ይዞ መጣ። ልጇ ሊሆን የሚችል፣ ጨዋ፣ ቁጥር የሚወድ ሰው ነው።

«እትዬ ተሾመች፣ መኩሪያ በቀን ሰባት ሰዓት ሠርቷል። እርስዎ ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞሉም።»

«አሻንጉሊቱ ጋ ስቆም አላየኸኝም?»

«አይቻለሁ። ሲስተሙ ግን አይቆጥረውም። ሰዓትዎ በሚመጣው ወር ካልጨመረ ስምዎ ከተጠቃሚ ዝርዝር ይወጣል። ወደ ክር ለቀማ ይዛወራሉ።»

ክር ለቀማ ያለቀ ልብስ ላይ የቀረ ክር በመቀስ እየቆረጡ መዋል ነው። ተሾመች ሥራ አትንቅም፤ ግን ሙያዋን ሊወስዱባት ነው። ፈራች። ፍርሃቷን ግን ለማንም አላሳየችም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላው ወደ ጨርቋ ተመለሰች፣ አሠራሯንም ቅንጣት አልቀየረችም።

አጠገቧ የምትቀመጠው ዶርቃ ዝም ብላ ማየት አልቻለችም። ልጅቷ ሆደ ቡቡ ናት። አንድ ቀን ተሾመች ድንገት ዞር ብትል፣ ዶርቃ ተንጠራርታ የእሷን ማውስ ስትነቀንቅ አየቻት።

«እጅሽን አንሺ!»

«እትዬ፣ እንዳያዛውሩዎት ብዬ እኮ ነው፤ በጌታ!»

«ያልሠራሁትን ሠራች አታስብዪኝ። የሠራሁት ይበቃኛል።»

የተባለው ወር አለቀ። በመጨረሻው ቀን አንድ ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ የመለሰው የዩኒፎርም ጃኬት ሳምፕል እስከ ስምንት ሰዓት መድረስ ነበረበት። ተማሪው እጁን ሲያወጣ ጃኬቱ በሙሉ ወደ ጆሮው ይወጣል። ፓተርኑን የሠራው ባለ ሰባት ሰዓቱ መኩሪያ ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ተሾመች ምሳዋን ትታ ጃኬቱን አሻንጉሊቱ ላይ እያየች ሳለ ልዑልቃል የዝውውር ደብዳቤውን ይዞ ገባ። በዚያችው ቅጽበት አሥራ አምስት ደቂቃዋ ሞላና ላይሰንሷ ተራ ይዞ ለነበረው ለመኩሪያ ኮምፒውተር ሄደ። የመኩሪያ ወንበር ባዶ ነበር። የዕለቱ ተረኛ ዶርቃም እጇ እንደለመደው ማውሱን ነቀነቀችው።

«መኩሪያ የታለ?» አለ ልዑልቃል።

«ምሳ» አለች ዶርቃ።

«ታዲያ ይሄን ማን ነው የሚሠራው?»

ዶርቃ ወደ ተሾመች አየች። ልጅቷ ፊቷ ቀላ፣ «ማንም» አለች። «እኛ በተራ እንነቀንቃለን። ሁላችንም... ከእትዬ በቀር።»

ልዑልቃል ላይሰንሱ እንዲለቀቅ የመኩሪያን ኮምፒውተር ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ ተሾመች ስፒሏን ከአፏ አወጣች።

«ተው! ያላስቀመጠው ሥራ ይኖረዋል፣ ይጠፋበታል። ዶርቃ፣ አትንኪው። እንደኔው በሰዓቱ ይለቃል።»

ሦስቱም ቆመው ጠበቁ። እሷ ግን እየጠበቀች ብብቱ ዙሪያ ያለውን ስፌት ፈታች፣ ዝቅ ብሎ የተቆረጠውን የእጅጌ ቀዳዳ በሁለት ጣት ከፍ አድርጋ በጠመኔ አሰመረች፣ የአሻንጉሊቱን ትከሻ ሁለቴ ሦስቴ ዳበሰች። ላይሰንሱ ሲለቀቅ ተቀመጠች። መስመሩን አስገባች፣ አስቀመጠች፣ ተነሣች። ኮምፒውተሩ ላይ የቆየችው ዘጠኝ ደቂቃ ነው።

«በል አሁን ደብዳቤህን አውጣና ጻፍበት» አለች፣ እስክሪብቶዋን እየዘረጋችለት። «ተሾመች ለዚህ ጃኬት ስትቆም ውላ በሲስተሙ የሠራችው ዘጠኝ ደቂቃ ነው በል። እኔም እፈርምበታለሁ።»

ልዑልቃል እስክሪብቶውን አልተቀበላትም። ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተና ጃኬቱን ራሱ ተሸክሞ ወደ ስፌት ክፍል ወረደ።