ከገዳሙ በር ውጪ የሠራሁት አፓረንት

ያን ሰው ዛሬም አልወደውም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል።

የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ልንመረቅ አንድ ዓመት ሲቀረን በመንፈቁ እረፍት አፓረንት፣ ማለትም የሥራ ልምምድ፣ ውጡ ተባልን። ቦታውን ራሳችሁ ፈልጉ፣ ሳይሠራ የሚመለስ ከጓደኞቹ ጋር አይመረቅም አሉን። የሂሳብ ተማሪው ባንክ ይገባል፣ ነርሷ ጤና ጣቢያ ትገባለች፤ የእንግሊዝኛ ተማሪ ግን የት ይግባ? የትብብር ደብዳቤዬን ይዤ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ያላንኳኳሁት ቢሮ የለም። አንዱ "እኛ ዘንድ ሥራው ሁሉ በአማርኛ ነው" ብሎ ሸኘኝ። ሌላው "አስተማሪ ልትሆኚ አይደል? ትምህርት ቤት ሂጂ" አለኝ። ትምህርት ቤቱ እንደኛው እረፍት ላይ ነበር።

የቀረኝ ያ ሰውዬ ብቻ ነበር። አንዲት ክፍል ቢሮና አንድ ሚኒባስ አለችው፤ እንግዶችን ሐይቁን፣ የእስጢፋኖስን ገዳም፣ ሲመቻቸውም ግሸንን ያስጎበኛል። የራሱ እንግሊዝኛ ከ"የስ" እና ከ"ዌልካም" አያልፍም፤ ሌላውን ሁሉ የሚሠራለት አስተርጓሚ ነው። ጎረቤታችን ነው፣ ከእናቴ ጋርም አንድ እድር ናቸው። እምቢ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም።

ጠዋት ስገባ ሹፌሩና ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ከእነሱ ጎን አንድ የክፍሌ ልጅ አለ፤ ቀድሞኝ መጥቶ ተቀባይነት አግኝቷል። ይህ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ከገባን ጀምሮ አሳይመንቱን ከእኔ ነው የሚገለብጠው።

"ጋሼ፣ ለአፓረንት ነው የመጣሁት" አልኩ።

ደብዳቤዬን ሳያነብ መለሰልኝ። "እስጢፋኖስ ሴት አያስገባ! አንቺን ይዤ የት ልገባ ነው? ይልቅ ቤትሽ ሂጂና እናትሽን ወጥ አማስዪላት።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። የክፍሌ ልጅም መሬት መሬት እያየ ሳቀ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ይችን ንግግርህን አንድ ቀን መልሰህ ትውጣታለህ አልኩ በሆዴ። በአፌ ግን "ሴቶቹ እንግዶችስ የት ነው የሚቆዩት?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ውጪ ነዋ! የት ይቆያሉ?"

"እንግዲያው እኔም እዚያው ከእነሱ ጋር ልቁም።"

"ውጪ ለመቆምም ዲግሪ ያስፈልጋል?" አለና አሁንም ሳቀ። ቀልዱ እንዳይበላሽበት ይመስለኛል፣ ደብዳቤዬን ፈረመልኝ።

እንዲህ ሆኖ አፓረንቴን ከገዳሙ በር ውጪ ጀመርኩ። ባልና ሚስት ይመጣሉ፤ ባልየው ከክፍሌ ልጅ ጋር ይገባል፣ ሚስትየዋ ለእኔ ትቀራለች። በመጀመሪያ ሁሉም ያኮርፋሉ። ለምን እንደማይገቡ ይጠይቁኛል፣ እኔም የመነኮሳቱን ሥርዓት አስረዳቸዋለሁ። ከዚያ ወደ ሐይቁ ዳር እወስዳቸዋለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲፈቱ ያያሉ፣ ያሻቸውን ይጠይቃሉ፣ እኔ መሀል ሆኜ አስተረጉማለሁ። ሴቶቹ ስቀው ተጫውተው ሳይጠግቡ ባሎቻቸው ይወጣሉ። "ውስጥ ምን አየህ?" ሲባሉ "በጣም የቆየ ነገር" ይላሉ፤ የክፍሌ ልጅ ለሁሉም ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነበር። እኔ ዞር ብዬ እስቃለሁ፤ አላዘንኩለትም።

አንድ ቀን ቡድን ይዛ የምትመጣ አንዲት የውጭ ሴት ከእኔ ጋር ውጪ ቀረች። ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ነገር የማያመልጣት ሴት ናት። ለሰውዬው እንግዳ በመላክ እሷን የሚያህል አልነበረም። ሲመለሱ በክፍሌ ልጅ አስተርጓሚነት "ለግሸን ጉዞ ይህችን ልጅ ነው የምንፈልገው" አለችው።

ማታውኑ ቤታችን ድረስ መጣ። "የኔ ልጅ፣ ነገ አምባሰል፣ ግሸን ድረስ እንወጣለን፣ ተዘጋጂ" አለኝ።

"ግሸን ሴት ያስገባል እንዴ ጋሼ?"

ፈገግ ለማለት ሞከረ። እኔ ሞኝ አይደለሁም፤ ከመሄዳችን በፊት የግምገማ ወረቀቴን አስሞልቼ አስፈረምኩት። ሁሉንም "እጅግ በጣም ጥሩ" አለ።

መኪናው እስከሚደርስበት ደረስን፣ የቀረውን የክፍሌን ልጅ ጨምሮ ሁላችንም በእግር ወጣን። አናቱ ላይ እንግዶቹ አረፍ እንዳሉ ሴትዮዋ "ይህችን የመሰለች አስጎብኚ እንዴት አገኛችኋት? ብለሽ ጠይቂልኝ" አለችኝ። ጠየቅኩላት። ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ገና ቢሮዬ ስትገባ አይቼ ነው የመረጥኳት። እኛ ዘንድ ሴት ወንድ ብሎ ነገር የለም በያቸው።"

ወደ እንግዶቹ ዞርኩና በእንግሊዝኛ እንዲህ አልኳቸው፦ "ገና ቢሮዬ ስትገባ ገዳሙ ሴት አያስገባም፣ ቤትሽ ሂጂና እናትሽን ወጥ አማስዪላት ብዬ አሳቅኩባት ይላል።"

እሱ ፈገግ ብሎ "የስ፣ የስ" እያለ ራሱን ይነቀንቃል። የክፍሌ ልጅ የጠጣው ውኃ ትን አለው። ሴትዮዋ አልሳቀችም። "እውነቱን ነው?" አለችኝ። እኔም በአማርኛ "እውነትዎን ነው ወይ? ትላለች" አልኩት።

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "እውነቴን ነው! ግሸን ማርያምን!"

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ከተራራ ወርጄ አላውቅም።

ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ አንድም ሰው አልላከችለትም። ምክንያቱ ግራ ሲገባው የክፍሌ ልጅ ሁሉንም ዘረገፈለት። ወረቀቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስላደረ በእሱ በኩል ምንም ሊያደርገኝ አልቻለም፤ ቢቸግረው ሽማግሌ ላከብን። አንድ የሰፈራችን ሼህና አንድ የእድሩ አዛውንት መጡ፣ እሱም ተከትሎ መጣ። እናቴ ምን አድርገሽ ነው በሚል ዓይን ታየኛለች።

"በእንግዳ ፊት ያላልኩትን አለ ብላ አዋረደችኝ" አለ።

"ምን አለ ብላ?" አሉ ሼሁ።

 ይህን አላሰበበትም ነበር፤ ሊከሰኝ ነገሩን በገዛ አፉ መናገር ነበረበት። ቢያይ ቢያይ የሚያወጣው ሲያጣ እያላመጠ ተናገረው።

"ይህን ከዚህ በፊት ከአፍህ አላወጣኸውም?" አሉት ሼሁ።

"መጀመሪያ የመጣች ቀን... ለቀልድ ብዬ..."

"ወጥ አማስዪ?" አለች እናቴ። ዓይኗ ከእኔ ላይ ተነሣና እሱ ላይ አረፈ።

ሼሁ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። "ግሸን ላይ በማርያም ምለሃል አሉ።"

"ምን ብላ እንደተረጎመች መቼ አውቄ! እኔማ የማልኩት ገና ሳያት መረጥኳት ባልኩት ነው።"

"እሱማ ውሸት ነበር። እሷ ወደ እውነቱ መለሰችልህ። አልሐምዱሊላህ በል እንጂ፤ ልጅቱ እኮ በውሸት ከመማል ነው ያዳነችህ!"

አዛውንቱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ ኮስተር ብለው "በል ተነሥተህ ይቅርታ ጠይቃት" አሉት።

ተነሣ። ግድግዳውን እያየ፣ ከንፈሩን ገለጥ ሳያደርግ "ይቅርታ" አለ።

"አልሰማሁም ጋሼ፣ ይድገሙልኝ" አልኩት።

ደገመው። የመጀመሪያውንም ሰምቼው ነበር።