ያልኩት ስለደረሰ

ነገሩ የሆነው አምና መኸር ላይ ነው። የማልረሳው ለመኪናዋ አዝኜ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ በዘመዶቼ ዘንድ ሟርተኛ ተብዬ ስለቀረሁ ነው።

አሰላ ውስጥ የአውቶ መካኒክ አስተማሪ ነኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ አጎቴ ጋሽ ከድር ቤታቸውን የሚያስተዳድሩት ከሳጉሬ አሰላ በምትመላለስ ሚኒባስ ነው።

ዳገት ላይ ደከመች ብለው ጋራዥ ሲያስገቧት ሄጄ አየሁ። መካኒኩ ጉልበት እንድታገኝ ብሎ ከሌላ ሞተር የመጣ ካምሻፍት፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ገጥሞላታል። ቫልቮቹን የሚዘጉት ሞላዎች ግን የድሮዎቹ ናቸው።

አስረዳሁ። አዲሱ ዘንግ ቫልቩን ከበፊቱ አርቆ ይገፋዋል፤ የደከመ ሞላ ደግሞ ቶሎ አይመልሰውም። ሞተሩ ሲጣደፍ ቫልቩ ሳይዘጋ ፒስተኑ ይደርስበትና ይመታዋል። ስለዚህ ሞላው ከዘንጉ ጋር አብሮ መመረጥ አለበት።

መካኒኩ ሳቀ። «ቲቸር፣ ይኸው ገጠመ እኮ! የማይሆን ዕቃ ይገጥማል?»

«መግጠም ሌላ፣ መስማማት ሌላ» አልኩት። ወደ አጎቴም ዞሬ «ጋሼ፣ እንዲህ ይዘዋት ከወጡ ሞተሯ ይሰበራል» አልኩ።

ፊታቸው ተለዋወጠ። «አቦ፣ ዱዓ አድርግ እንጂ! እንጀራዬ ላይ ታሟርታለህ?»

ብዙም አልቆየች። በሳጉሬ ገበያ ቀን ጢም ብላ ተጭና ዳገት ስትወጣ ተንኳኳች፤ ቀጥ አለች። ሲከፍቷት ቫልቮቹ ታጥፈዋል፣ ፒስተኗ ተበስቷል። ሰምቼ እየሮጥኩ ጋራዥ ደረስኩ።

አጎቴ ቀና ብለው አዩኝ። «ያልከው ሆነልህ። ደስ አለህ?»

መካኒኩ ተቀበላቸው። «ዕቃውስ ምንም አልነበረበትም ጋሼ፤ አፍ ነው።»

ላስረዳ ስጀምር ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ለኢድ ልጠይቃቸው ስሄድ መኪናዋ ተጠግና ግቢ ውስጥ ቆማለች። የአጎቴ ሚስት በር ላይ ያዘችኝ። «ልጄ፣ እሱ ይዟት እስኪወጣ እዚያ ማዶ ቆይ። እንዳያያት ብሏል።» ባደግኩበት ቤት ደጃፍ፣ ዓይኑ እንደሚፈራ ሰው፣ ከአጥር ጀርባ ቆምኩ።

ያንኑ ትምህርት ዛሬም ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ግን የአክስቴ ልጅ የገዛውን መኪና ሊያሳየኝ መጣ። ኮፈኑን ከፈተው። የዘይቱ ክዳን ሥር ነጭ አረፋ አየሁ፤ ዘይቱ ውስጥ ውሃ ገብቷል፣ እንዲህ ከተነዳች ሞተሯ አይቆይም።

«እህ፣ እንዴት ናት?» አለኝ።

«ማሻአላህ» አልኩት።

ደስ ብሎት ሄደ። አጎቴን የዚያን ቀን ያህል ተቀይሜያቸው አላውቅም።