ጌጡ የተላከበት ክረምት

የመጀመሪያው ዝናብ የተሰነጠቀ ዋልካ ላይ ሲወርድ የሚነሳው ሽታ ለሌላው ሰው የምሥራች ነው፣ ለእኔ ግን ጭንቀት ነው። ዛሬም ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ዳር ካለው ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ያ ሽታ ሲመጣ፣ ጎረቤቶቼ እየተሳሳቁ ልብሳቸውን ከገመድ ሲያወርዱ፣ እኔ ተነስቼ መሬቱን በጣቴ እቆፍራለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ትልቋ፣ «እማ ደግሞ ጀመራት» ትላለች፣ ከዚያ በዓረብኛ የምትጨምረውን እንዳልሰማ ሆኜ አልፈዋለሁ። ይህ ጭንቀት የያዘኝ በዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከዶካ ወደ ምዕራብ ወጣ ብሎ፣ የእርሻ ሠራተኞች በሰፈሩበት ካምቦ ነበር። አባቴ ወርቁና እናቴ ሙሉ እኔ ሳልወለድ ለሰሊጥ አጨዳ ከመተማ በኩል ተሻግረው መጥተው በዚያው የቀሩ ሰዎች ናቸው። አባቴ ለአንድ ባለ መሬት ያርምና ያጭድ ነበር፣ ባለ መሬቱም ለራሱ እንዲዘራ ከኾሩ አጠገብ ቁራሽ መሬት ሰጥቶት ነበር። ኾር የምንለው በክረምት ብቻ ውሃ የሚወርድበትን፣ በበጋ አሸዋ ብቻ የሚሆነውን ወንዝ ነው። የዓመት ቀለባችን ከዚያች ቁራሽ መሬት ትወጣ ነበር። ማሽላውን ሱዳኖች መጥሙራ በሚሉት የእህል ጉድጓድ ውስጥ ገለባ አንጥፈን እንከተውና አፉን በአፈር ደፍነን፣ በየጊዜው እየከፈትን እንበላ ነበር። ጉድጓዱ ከቤታችን ጓሮ ነበር። በላዩ ላይ ደግሞ የአራት ዓመቱ ወንድሜ ጌጡ፣ አፍንጫው ሳይጠረግ፣ ቀኑን ሙሉ ይጫወት ነበር።

በዚያ በጋ እናቴ ጉድጓዱን ከፍታ በገመድ ወረደች፣ ስትወጣም ፊቷ ተለውጦ ነበር። ያለፈው ዓመት ዝናብ ማሽላው ሳያፈራ ቀድሞ ስለቆመ እህሉ ከወገቧ በታች ሆኗል። የዚያን ቀን ማታ ራት እየበላን ለአባቴ ቁርጡን ነገረችው። እህሉ እስከ ኅዳር አጨዳ የማያደርሰን ከሆነ ጌጡን መተማ ላለችው እህቷ ለእታለም ትልከዋለች። እዚያ ዘንቧል፣ ላምም አለ። እኔ ውሃ እቀዳለሁ፣ ሠራተኞች ሲያርሙ ምሳ አደርሳለሁ፣ ጌጡ ግን መብላት እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። ይህን ስትል እያየችው አልነበረም። እኔ ግን አየሁት፣ ጣቱን እየላሰ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉድጓዱ በተከፈተ ቁጥር ሄጄ ምን ያህል እንደቀረ ማየት ልማዴ ሆነ።

አባቴ ቀለቡን ለመደጎም ከሰል ወደ ማክሰል ገባ። ከእሱ በፊት ብዙ ሰው ገብቶበት ነበር። የባለ መሬቶቹ ትራክተሮች ለእርሻ የመነጠሩት ተመንጥሮ፣ የተረፈው ግራር በየቀኑ ከሰል ሆኖ በሎሪ ይሄድ ስለነበር፣ ዛፍ ለማግኘት የግማሽ ቀን መንገድ መሄድ ነበረበት። ግንዱን ከምሮ በሣርና በአፈር ከድኖ በእሳት ከለኮሰው በኋላ፣ አፈሩ በተሰነጠቀ ቁጥር እየደፈነ አራትና አምስት ቀን እዚያው ይጠብቅ ነበር፣ እሳቱ አየር ካገኘ ሁሉም አመድ ነውና። እናቴ እነዚያን ቀናት እንቅልፍ አልነበራትም። በመጨረሻ እንዲህ አለችው።

«አንተዋ፣ እዚያ ሩቅ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይነግረኛል? የኾሩን ዳር ዛፎች ቁረጥ፣ እዚሁ ዓይኔ ሥር ሁን።»

አባቴ ቆረጣቸው። ጎረቤታችን፣ አጎት ለማለት ዓም ኢድሪስ የምንለው፣ ከእኛ ሰዎች ጋር ኖሮ አማርኛ የለመደ ሽማግሌ ሱዳናዊ፣ ፍየሎቹን እየነዳ ሲያልፍ ቆም ብሎ ጉቶዎቹን አየና፣ «አንተ ወርቁ፣ የኾሩን ጺም ላጨኸው» አለው። አባቴም መጥረቢያውን ሳያስቀምጥ፣ «ና ያንተንም ልጨምርልህ፣ እሱም ሸብቷል» ብሎ መለሰለት። ተሳሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ሰኔ ሲገባ ሰማዩ መጥቆር ጀመረ። አያቴ በአገሩ ዘሩን ለሰኔ ሚካኤል መሬት ሳያስገባ ቀርቶ አያውቅም፣ አባቴም ይህን ቀን ከአባቱ እንደወረሰው ንብረት ይዞት ነበር። እዚህ ቆላ ግን ልማዱ ሌላ ነው፤ ገበሬው ከዝናብ በኋላ ክንዱን ወደ ዋልካው ይሰዳል፣ እርጥበቱ ክርኑ ጋ ካልደረሰ አይዘራም። በዚያ ዓመት ዝናቡ ልክ በሚካኤል ዋዜማ ጣለ፣ ያም ሽታ ካምቦውን ሞላው። አባቴ ምልክት ነው ብሎ በማግስቱ የዘሩን ጆንያ ተሸከመ። ዓም ኢድሪስ እርሻው ድረስ ተከትሎት መጣ።

«ሰብር፣ ታገስ» አለው። «ያንተ ቀን የደጋ ቀን ነው። የዚህ መሬት ቀኑ ክንድህ ነው።»

አባቴ አልሰማውም። እሱ ወደ ፊት እየዘራ ሲሄድ እናቴ ከኋላ ተንበርክካ እጇን ወደ መሬቱ ስትሰድ አየኋት። እርጥበቱ አንጓዋ ላይ ቆመ፣ ከዚያ በታች እንደ ዱቄት ደረቅ ነበር። አየችኝ፣ ጣቷንም ከንፈሯ ላይ አደረገች። ለምን ዝም እንዳለች ካደግሁ በኋላ ጠይቄያት፣ በሚካኤል ቀን ዝናቡን ማማት ፈርታ እንደነበር ነገረችኝ።

በሳምንቱ እርሻው አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ዝናቡ ቆመ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከምሥራቅ በኩል ደመና ይሰበሰብና ምንም ሳይጥል ይበተን ነበር። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል፣ ዓም ኢድሪስ ድሮ ዛፎቹ ጋ ሲደርስ ይሰበር ነበር የሚለው ነፋስ፣ አሁን የሚያቆመው ጠፍቶ ሜዳውን እየጠረገ መጥቶ ቡቃያውን በአሸዋ ይገርፈው ጀመር። ቅጠሉ እንደ ትንባሆ ተጠቀለለ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ተመልሶ ሲመጣ የሚያጠጣው ቡቃያ አልነበረም። አባቴ ያን ጊዜ ክንዱን ሰደደ፣ እስከ ክርኑ ገባ። ለዘር የቀረን እህል ግን ከጉድጓዱ ያለው ብቻ ነበር።

እናቴ ሄዳ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። አባቴ ባዶ ጆንያ ይዞ ከፊቷ ቆመ። ቢዘራው እስከ ኅዳር የምንበላው የለም፣ ቢበላ ከኅዳር በኋላ የምንበላው የለም። ይህንኑ ተነጋገሩ። እኔ ጌጡን ወደ ራሴ አስጠግቼ፣ የሚናገሩት ስለ እሱ እንደሆነ እንዳይገባው ጆሮውን በእጄ ከደንኩት፣ እሱ ግን ጨዋታ መስሎት ይስቅ ነበር። በመጨረሻ እናቴ ተነስታ ጉድጓዱን ከፈተችና በጣሳ ማካፈል ጀመረች። አንድ ጣሳ ለመሬት፣ አንድ ጣሳ ለአፍ። የመሬቱን አባቴ ወስዶ ከፍ ካለው እርሻ ላይ ዘራው። የአፉን እናቴ መልሳ ጉድጓድ ከተተችና በራሷ እጅ ደፈነችው። ጌጡ አይሄድም፣ እየቆጠብን እንደርሳለን አለች። የዚያን ቀን በደንብ ተኛሁ።

ነሐሴ ላይ፣ በቀን፣ እናቴ ልብስ እያጠበች ሳለ ኾሩ ሞላ። ከላይ የት እንደዘነበ አናውቅም፣ በእኛ ዘንድ ፀሐይ ነበር። ዛፎቹ ከተቆረጡበት ዳርቻ መሬቱ እንደ ዳቦ እየተገመሰ ገባና ውሃው ወደ ቤታችን ታጠፈ። ጌጡን አንስተን ከፍ ወዳለው ሮጥን፣ ዞር ብዬ ሳይ ጉድጓዱ ከውስጥ እንደሚፈላ ድስት ይንተከተክ ነበር። ውሃው በሦስተኛው ቀን ሲጎድል ከፈትነው። ማሽላው አብጦ ሞቆ ነበር፣ ጎምዝዟልም። አጥበን በምንጣፍ ላይ አሰጣነው፣ ሻገተ። የዓም ኢድሪስ ፍየሎች እንኳ አሽትተው አለፉት።

እናቴ ከምንጣፉ አጠገብ ተቀምጣ፣ «ቁረጥ ያልኩህ እኔ ነኝ» አለች።

አባቴ አልቆጣም። «የቆረጥኩትስ?» አላት፣ አጠገቧም ቁጭ አለ።

ዓም ኢድሪስ ካለው ላይ ግማሽ ጆንያ ሰጠን፣ ለሦስት ሰው ቢቆጠብ ይበቃ ነበር። ለአራት አይበቃም። እናቴ የጌጡን ፀጉር ላጨችው፣ ልብሱን አጠበች፣ ከዚያም ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ታስጠናው ነበር፣ የማን ልጅ ነህ ቢሉህ ምን ትላለህ እያለች። «የሙሉና የወርቁ፣ የዶካ» ይል ነበር፣ ሲሰለቸው ደግሞ «የፍየሏ» ብሎ ይስቅ ነበር። ከዶካ ወደ ድንበሩ ከተማ ገላባት በሚሄድ ሎሪ ላይ፣ ወደ መተማ ለምትመለስ ለምናውቃት ሴት አደራ ሰጠነው። ከሽንኩርት ጆንያዎቹ ላይ ተቀምጦ እጁን ያወዛውዝልን ነበር፣ ደስ ብሎት ነበር፣ መኪና ሲሳፈር የመጀመሪያው ነውና።

ከፍ ያለው እርሻ ያፈራውን በኅዳር አጨድን፣ ለእኛ በቃ። ጌጡን ግን ወዲያው ማምጣት አልተቻለም፣ ተከታዩም ክረምት ክፉ ነበርና። በሦስተኛው ዓመት ሲመጣ ረዝሞ፣ ንግግሩ ተለውጦ፣ እታለምን እማ ማለት ለምዶ ነበር። እናቴን «አክስቴ» ብሎ ጠራት። እሷም «ወዬ» አለችው። ብዙ ሳምንት እንዲሁ ስትመልስለት ከረመች፣ አንድ ቀንም አላረመችውም።

አሁን እኔ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ በሬዲዮ የሚሉትን ሁሉ አልከታተልም፣ በሩቅ አገር ያሉ ፋብሪካዎችና መኪናዎች ጭስ ዓለሙን አሙቆት የዝናቡን ጊዜ እንዳዛባው ሲናገሩ ግን እሰማለሁ፣ አምናለሁም። የእኛ መጥረቢያም የድርሻውን እንዳደረገ አውቃለሁ። ያኔ ክፉ ዓመት ሲመጣ ከሌላው ዓመት ይለይ ነበር፣ ስሙም ይነሳ ነበር። አሁን ዝናቡ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲመጣም የወሩን በሁለት ቀን አውርዶ ይሄዳል፣ ይህ ዓመት ከአምናው ምን እንደሚለይ ለመናገር አስቤ ማስታወስ አለብኝ።

ጌጡ ተመልሶ መተማ ሄዶ ገበሬ ሆኗል። ባለፈው ሐምሌ ደወለልኝ። የልጆቼን ጤና በየስማቸው ጠይቆ ሲጨርስ፣ «እናንተ ጋ ዘነበ?» አለኝ። አልዘነበም አልኩት። ከዚያ እየተሳቀቀ፣ እነሱም ጋ እንዳልዘነበ፣ እኛ ጋ ከዘነበ ትንሿን ልጁን ለጥቂት ወር እኔ ዘንድ ሊልካት አስቦ እንደነበር ነገረኝ። እኔም የእሱን ስልክ ሳነሳ የመጨረሻውን ልጄን ልላክልህ ብዬ ልለምነው አስቤ እንደነበር አልነገርኩትም። እናቴ በዚያ ክረምት ብዙ አልቅሳለች፣ ቢሆንም ልጇን የምትልክበት የዘነበበት አገር ነበራት። እኔና ጌጡ በየሳምንቱ እንደዋወላለን፣ እሱ የእኔን ሰማይ ይጠይቀኛል፣ እኔ የእሱን እጠይቀዋለሁ፣ ልጆቹም በየቤታቸው ናቸው።