ያልተበላው ዚንክ

ባለፈው ሳምንት ቧንቧ ሠራተኛው የባኞ ቤታችንን ቦይለር ሲከፍተው የዛገ ውሃ ሽታ ቤቱን ሞላው። ከውስጡ ተበልቶ ተበልቶ ሽቦው ብቻ የቀረ ዘንግ መዝዞ አወጣና «ይሄ አልቋል፣ ይቀየር» አለኝ። እኔ ደግሞ «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ። ጤነኛ አልመሰልኩትም መሰለኝ፣ መፍቻውን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። ምን ላድርግ፣ ጋሽ ተካ ትዝ ብለውኝ ነው።

ጋሽ ተካ ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጥር የምንጋራቸው በያጅ ነበሩ። ወጣትነታቸውን የፈጁት ምጽዋ መርከብ ሲጠግኑ ነው። ሰማያዊ ቱታቸው ላይ የብየዳ ፍንጣሪ ያልበሳው ቦታ አልነበረም። አባቴ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ሰው የሚያሻግር የብረት ጀልባ ሲያዛቸው እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ሠሩት። ኮልፌ ላይ ጀልባ! ሰፈሩ «ኖኅ» አላቸው። ዝናብ በጣለ ቁጥር «ጋሽ ተካ፣ እንሳፈር ወይ?» የማይል አላፊ አግዳሚ አልነበረም። እሳቸውም «አንተን ከእንስሳቱ ጋር ነው የምጭንህ» ይሉ ነበር።

ሊጨርሱ ሲሉ ከጀልባው ሆድ ሥር ሳሙና የሚያክል ዚንክ አሰሩ። አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ዝገት ሆዳም ነው የኔ ልጅ። ይሄን እየበላ ብረቱን ይተውልናል» አሉኝ።

ጀልባውን የሚነዳው የአባቴ ታናሽ ወንድም ሙዘሚል ነበር፤ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን የሚያስተዳድረው በዚያው ነው። ዓመት ሳይሞላ ጀልባው ሆዱ በዝገት ተበሳስቶ፣ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ተመለሰ። አባቴ ጦፈ። «ድንጋይ ላይ እየጎተትክ ቀለሙን ፍቀኸው ነው! ቁልፉን አምጣ፣ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ!» አለው። አጎቴ ወላሂ ቢል፣ ቢምል፣ ማን ይስማው።

ጋሽ ተካ ከጀልባው ሥር ተንጋለው ገቡ። ቆዩ። ሲወጡ ዚንኩን ይዘዋል። ነጭ ቅርፊት ከማልበሱ በቀር እንዳሰሩት ነበር። ዝም ቢሉ የሚያውቅባቸው አልነበረም።

«ሐጂ፣ ልጁን አይንኩት» አሉት አባቴን። «ጥፋቱ የእኔ ነው። የባሕር ሰው ነኝ፣ ለጨው ውሃ የሚሆነውን ለሐይቅ ሰጠሁት። ጨው በሌለበት ዚንኩ ቅርፊት ለብሶ ተኛ፤ ዝገቱም ብረቱን በላ።»

ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ እየሰማ ነው። ላባቸው በአንገታቸው ሲወርድ አየሁና አንጀቴን በሉት። አባቴ ቁልፉን ለአጎቴ መለሰለት።

ጋሽ ተካ የተበሳውን ለጣጥፈው፣ ለሐይቅ የሚሆነው ማግኒዚየም ነው ብለው፣ ጦር ኃይሎች ካሉ የቦይለር ዕቃ ሻጮች ዘንግ ፈልገው አሰሩ። ከዚያ ወዲህ ሙዘሚል የተበላውን ዘንግ በየዓመቱ ያመጣላቸው ነበር። በጣታቸው ለክተው፣ መክሳቱን አይተው «እሰይ!» ይሉ ነበር፣ የልጅ ልጅ የተወለደላቸው ይመስል።

ዚንኩን ግን አልጣሉትም። መስኮታቸው ላይ አስቀመጡት። ሰው «እጅዎ ይባረክ» ሲላቸው «እሱንም እየው» ይሉ ነበር። ሲያርፉ ልጃቸው፣ አንቺ ትወጂው ነበር ብላ ለእኔ ሰጠችኝ።

አሁን መድኃኒት ቤቴ ባንኮኒ ላይ ተቀምጧል። ባለፈው ወር የተሳሳተ መድኃኒት ካርቶን ሙሉ መጣና ረዳቴ ላይ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ትዕዛዙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ግን እንባዋ መጥቷል። ዓይኔ ዚንኩ ላይ አረፈ።

«አንቺ አይደለሽም» አልኳት። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»